የሚታይ ጉዳት

ስለ እሷ ልጽፍ እንደሆነ ለእትዬ ፋሻ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ፣ «ጻፈው ጋሼ፤ ግን እኔን አታሳምረኝ። ጥፋቴን ከዘለልከው ወረቀቱን እቀድልሃለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ጥፋቷን አልዘልም። የራሴንም አልዘልም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የኔም እጅ አለበት።

እትዬ ፋሻ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ በአንድ ጤና ጣቢያ ወለል ለመወልወል ተቀጠረች። አንዲት ነርስ ትሪ እንድትይዝላት ጠራቻት፣ ቀጥሎ መቀስ እንድትቀቅልላት፣ ቀጥሎ ቁስል እንድታጥብላት። ከዓመታት በኋላ የዘጠኝ ወር ሥልጠና ወስዳ ወረቀት ያዘችና ወደኛ ትምህርት ቤት መጣች። አግብታ ነበር። ባሏ ሾፌር ነበር፤ አንድ ቀን መኪናውንም እሷንም ጥሎ ጠፋ። «መኪናውን ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው፤ እኔን ግን የጠየቀ የለም» ትላለች። ይህን ቀልድ የምትቀልደው ራሷ ብቻ ናት፤ ሌላ ሰው ሲደግመው ሰምታ ዝም አትልም።

ክፍሏ ጠባብ ነው። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ ፋሻና ጥጥ የሚቀመጥበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ትልቅ መዝገብ። መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ የልጁን ስም፣ ክፍሉን፣ የጉዳቱን ምክንያትና የተደረገለትን ትጽፋለች። እኔ የትምህርት ቤቱ አናጢ ነበርኩ። የሥራ ክፍሌ ከሷ ክፍል ጎን ሲሆን የሚለየን ራሴ ያቆምኩት የቺፑድ ግድግዳ ነው። ሳል እንኳ ያሳልፋል። ሃያ ስድስት ዓመት እሷ ስታክም፣ እኔ ስልግ፣ አንዳችን የሌላውን ሥራ እየሰማን ኖርን።

ልጆችን የምትቀበለው በስድብ ነበር። አንዱ «ሆዴን አሞኛል» ሲላት፣ «የትኛው ሆድህ? የሒሳቡ ነው የሳይንሱ?» ትለዋለች። ልጁ ይስቃል። እየሳቀ ታስተኛዋለች፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ትሰጠዋለች፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ፣ «ተነሥ እንግዲህ፣ ሆድህ አልፏል» ብላ ትመልሰዋለች። ያ ክፍል በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው የማይጮህበት ብቸኛ ቦታ ነበር። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም።

ከዚያ አዲሱ ምክትል ርዕሰ መምህር መጡ። ወጣት ናቸው፤ ንጹሕ ለባሽ፤ ድሃ ቤት አድገው በፈተና ብቻ እዚህ የደረሱ ሰው መሆናቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ፈተና ያሳደገው ሰው ፈተና ሁሉን የሚያሳድግ ይመስለዋል። ዘወትር አርብ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ክፍል ፈተና እንዲሰጥ አዘዙ። ሰኞ ጠዋት ውጤቱ በሰልፍ ላይ በስም ይነበባል። ከዚያ ተማሪዎች ቦርሳቸውን አንሥተው እንደ ውጤታቸው ይቀመጣሉ፤ አንደኛ የወጣው ከፊት፣ የመጨረሻው ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር። ያንን የመጨረሻ ረድፍ ልጆቹ «ጥጉ» ይሉታል። ዴስኮቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም በአንድ ልክ፣ በአንድ እንጨት፣ በአንድ ቁመት ነው የሠራኋቸው። ሰኞ ሰኞ ሰባ ልጅ ቦርሳውን አቅፎ እርስ በርሱ እየተያየ ቦታ ሲቀያይር በበሩ እያለፍኩ አይ ነበር። ድምፅ የላቸውም። የሚሰማው የእግራቸው መንፏቀቅ ብቻ ነው።

አርብ አርብ የእትዬ ፋሻ በር በሆድ ቁርጠትና በራስ ምታት ተጨናነቀ። አንድ አርብ ሠላሳ አንድ ልጅ ተሰለፈ። ከሰልፉ ኋላ አስም ያለባት አንዲት ልጅ ቆማ ነበር፤ ለማስመሰል የመጡት ከፊቷ ሲጋፉ ትንፋሿ ሊዘጋ ደረሰ። ከንፈሯ ጠቁሮ ነው እትዬ ፋሻ ያገኘቻት። ልጅቷ ተረፈች። እትዬ ፋሻ ግን ያን ቀን እንደ ነብር ሆና ምክትሉ ቢሮ ገባች።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚታይ ነገር የሌለበትን ልጅ አልቀበልም!» አለች። «የታመመውን ከሚያስመስለው መለየት አልቻልኩም። ዛሬ ልጅ ሊሞትብኝ ነበር!»

ምክትሉ ተነሥተው ጨበጧት። «እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው የምፈልገው» አሉ። ደንቡ ተጽፎ በሯ ላይ የሚሰቀልበትን ሰሌዳ እንድሠራ እኔን አዘዙኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከተጣሉ ደብተሮች ላይ፣ ያለ አስተማሪ። የእጅ ጽሑፌ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የመጀመሪያዬ ነበር። እንጨቱን ሦስት ጊዜ ላግሁት፣ ነጭ ቀባሁት፣ በጥቁር ቀለም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሚታይ ጉዳት የሌለው ተማሪ አይስተናገድም።» ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። አርብ እንኳ በሩ ላይ ማንም የለም። እትዬ ፋሻ ሹራብ መሥራት ጀመረች። «ጋሼ፣ ልጆቹን ሁሉ ፈወስካቸው እኮ! በአንድ ጣውላ!» ትለኛለች በግድግዳው በኩል። እኔም እስቃለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቁስል መምጣት ጀመረ።

መጀመሪያ አንድ ሁለት ነበር። «ወደቅሁ» ይላል አንዱ፤ «በር መታኝ» ትላለች ሌላዋ። ብዙዎቹ ግን «የዴስክ ሚስማር ቧጠጠኝ» ነበር የሚሉት። እትዬ ፋሻ የሚሏትን ትጽፋለች፣ ታጥባለች፣ ትጠቀልላለች፣ ታስተኛለች። የሚታይ ጉዳት ነው፤ ደንቡ ይፈቅዳል። በሁለተኛው ወር ምክትሉ መዝገቡን አገላብጠው አስጠሩኝ።

«አናጢው፣ ዴስኮችዎ ልጆቼን እየቆረጡብኝ ነው።»

የሰማሁት ስድብ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ የትምህርት ቤቱን ዴስክ ሁሉ በእጄ ዳሰስኩ። ከላይ፣ ከሥር፣ ከጎን። መዳፌን ነው ያስኬድኩት፤ ዓይን ያልፈዋል፣ መዳፍ አያልፈውም። ሦስት የወጣ ሚስማር አገኘሁ፤ ሦስቱም አምስተኛ ክፍል ውስጥ። ብዙ ቁስል ከሚመጣበት ከስምንተኛ «ሀ» ክፍል አንድም አላገኘሁም። ረቡዕ ዕለት ወደ እትዬ ፋሻ ገባሁና ሳልቀመጥ፣

«የኔ ዴስክ ሚስማር የለውም» አልኳት።

«እኔ ልጆቹ ያሉኝን ነው የጻፍኩት ጋሼ። ሚስማር ካሉኝ ሚስማር ነው።»

«ከአንድ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ሚስማር?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሚስማሩን ጠርቼ ቃሉን ልቀበለው?»

«ቀኑን እስቲ እዪው።»

መዝገቡን ሳበችና መነጽሯን አደረገች። ጣቷን ወደ ታች እያወረደች አነበበች። አርብ። አርብ። አርብ። ሐሙስ አንድ፤ ያ እውነተኛ የወደቀ ነበር። አርብ። ሰዓቱም እንደዚያው፤ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ደወል በፊት ወይም ልክ እንደተደወለ። ቦታው ግራ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ግራ እጅ።

«ሚስማር ቀን ይመርጣል እንዴ?» አልኳት።

አልሳቀችም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ መልሳ አደረገችው፤ ከዚያ መልሳ አወለቀችው።

ያን ጊዜ ስለ ሸንበቆ ነገረችኝ። ሸንበቆ የስምንተኛ «ሀ» ተማሪ ናት፤ ከክፍሏ ሁሉ ረጅምና ቀጭን ስለሆነች ያወጡላት ስም ነው። ዓመቱ ሲጀመር ከሁለተኛው ረድፍ ነበር የምትቀመጠው። በወር ተኩል ውስጥ ጥጉ ደረሰች። እናቷ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ትኬት ትሸጣለች፤ ልጇ ሐኪም እንደምትሆን ለተሳፋሪው ሁሉ ትናገራለች። ሸንበቆ ከሁለተኛው ረድፍ መነሣቷን ለእናቷ አልነገረቻትም።

«መጀመሪያ ስትመጣ» አለች እትዬ ፋሻ፣ «የድመት ጭረት የመሰለ ነገር ይዛ ነበር። ‹ይህማ ቧጨራ ነው፣ ሰሌዳውን አላየሽም? ተመለሺ!› አልኳት። በሳምንቱ ከዚያ የሚበልጥ ይዛ መጣች። አስተኛኋት። በሌላው አርብ ያንኑ ጠባሳ አሳየችኝ። ‹ይህ ያለፈው ነው› ብዬ መለስኳት።» የምትናገረውን ራሷም ገና እየሰማችው ነበር።

አርብ ደረሰ። ሁለታችንም አንነጋገር እንጂ እየጠበቅን ነበር። ጣውላ እየላግሁ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ኮቴ ሰማሁ። የእትዬ ፋሻ በር ተንኳኳ። መላጊያዬን አቆምኩ። በግድግዳው በኩል የልጅ ድምፅ መጣ፤ የሚለምን ድምፅ አልነበረም፤ ሥራ ሠርቶ የሚያስረክብ ሰው ድምፅ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬስ ይበቃል?»

ቆርቆሮው ወለሉ ላይ ሲወድቅና ክዳኑ ሲንከባለል ሰማሁ። ከዚያ ለብዙ ጊዜ የውኃ ድምፅ ብቻ ነበር።

ምን እንዳየች በኋላ ነገረችኝ። አልጽፈውም። በምን እንደተደረገም አልጽፍም። አንባቢ ይህን እንዲያውቅ አስፈላጊ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው ዓይነት ነበር ማለት ይበቃል፤ እትዬ ፋሻም ሸንበቆን ራሷ ወሰደቻት፤ ተሰፋ። ሐኪሙ ምክንያቱን ሲጠይቅ ልጅቷ «ሚስማር» አለች። እትዬ ፋሻ «አይደለም» አለች። ሐኪሙ ሁለቱንም አየና እንደነዚህ ያሉ ልጆችን የምታነጋግር አንዲት ባለሙያ ያለችበትን ቀን በወረቀት ጻፈላቸው፤ እናቷ ይዛት እንድትመጣ። ወረቀቱን ሸንበቆ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ለእናቴ እኔው እሰጣታለሁ» አለች። እትዬ ፋሻ አመነቻት።

ከሰዓት በኋላ እኔ ክፍል ገብታ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጠች። ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም።

«አንሷል ብዬ መለስኳት፤ እንደ ገበያ። አሳድጋ አመጣችልኝ። ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

መፍቻዬን አንሥቼ ወጣሁና ሰሌዳውን ከበሩ ላይ ፈታሁት።

ሰኞ አብረን ምክትሉ ዘንድ ገባን። እኔ የሄድኩት ጽሑፉ የኔ ስለሆነ ነው። እትዬ ፋሻ መዝገቡን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግታ ቀኖቹን አሳየቻቸው። ምክትሉ ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩ ሰው ነበሩ።

«ይህን ነገር ስም ከሰጠነው ነገ ሃምሳ ይሆናሉ» አሉ። «አንዱ ከአንዱ ነው የሚማረው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ወላጅ ምን ይላል?»

«አሁንም እኮ አንዱ ከአንዱ እየተማረ ነው፣ የኔታ» አለች። ምክትሉን የኔታ የምትላቸው ስትናደድ ብቻ ነው።

«ደንቡ የማን ሐሳብ ነበር?»

«የኔ።»

«እና?»

«እና ተሳስቻለሁ።»

ይህን ስትል ቀና ብላ ነበር። ምክትሉ ግን መልስ የሰጧት እንዳልሰሙ ሆነው ነው። መፍትሔ አላቸው። ተማሪ ሁሉ በሰልፍ ላይ እጅጌውን ይጠቅልል፤ ምልክት የተገኘበት ወላጅ ያምጣ። እትዬ ፋሻ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«በሰልፍ ፊት እጅጌ ካስጠቀለሉ፣ ልጆቹ የማይታይ ቦታ ይፈልጋሉ። ያኔ እርስዎም አያገኙትም፣ እኔም አላገኘውም። የሚያገኘው የሚገንዛቸው ሰው ነው።»

ምክትሉ ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡና ወደ እኔ ገፉት። ዴስኮች ላይ የወጡ ሚስማሮች ተገኝተው ተስተካክለዋል የሚል ነው፤ ከሥሩ የኔ ስም ተጽፎ የፊርማ ቦታ ተትቷል። ለተቆጣጣሪዎቹ ነው። ወረቀቱን ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል አነበብኩት፤ የምፈርመውን ማንበብ የቻልኩበት ዕድሜዬ አጭር ስለሆነ አልቸኩልም። ከዚያ መልሼ ገፋሁላቸው።

«ሦስት ሚስማር ነበር፤ አምስተኛ ክፍል። እሱን ከጻፉልኝ እፈርማለሁ» አልኩ።

አልጻፉልኝም። የተስማሙት በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ወርዶ ይቅር፤ እጅጌ የመጠቅለሉም ነገር ለጊዜው ይቆይ። ፈተናው ግን ይቀጥላል። ይልቁንም የሚቀጥለው አርብ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ነው፤ ሰኞ ውጤቱ ሲነበብ ወላጆች ይገኛሉ፤ ጥሪው ተልኳል።

ያን ሳምንት እትዬ ፋሻ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ዓይኗ ያሳብቅ ነበር። ሐሙስ ሸንበቆን ቧንቧው ጋ አገኘቻትና እኔ ባልዲ ስሞላ አጠገቤ አነጋገረቻት።

«ነገ ባዶ እጅሽን ነይ። ሰማሽ? ምንም ሳይኖርሽ። በሬ ክፍት ነው።»

«ሰኞ እናቴ ትመጣለች» አለች ልጅቷ። እጅጌዋ እስከ ጣቷ ድረስ ወርዷል። ቀኑ ሞቃት ነበር።

«ወረቀቱን ሰጠሻት?»

ሸንበቆ ቧንቧውን ዘጋች፤ ከፈተች፤ ዘጋች። «እሰጣታለሁ።»

«ነገ ማታ እኔው አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሁለታችን እንነግራታለን። አንቺ ብቻ ከፈተናው በፊት ወደኔ ነይ።»

«አስተማሪያችን አይለቁኝም።»

«ሰሌዳው ወርዷል እኮ! ይለቁሻል።»

ልጅቷ እንደ ትልቅ ሰው አየቻት፤ ለሕፃን እያዘነ እንደሚያይ ትልቅ ሰው። ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። እትዬ ፋሻ ያን አስተያየት ብዙም አላሰበችበትም። እኔም አላሰብኩበትም። ሁለታችንም ሰሌዳ ሲወርድ ደንብ አብሮ የሚወርድ መስሎን ነበር።

አርብ ከጠዋቱ ጀምሮ በሯን ገርበብ ሳይሆን ወለል አድርጋ ከፍታ ወንበሯን ደፉ ላይ አደረገች። እግሯ ስለሚያብጥ ጫማዋን አውልቃለች። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አለቀ፤ ማንም አልመጣም። ሻይ አፈላች፤ ቀዘቀዘ። ማንም አልመጣም።

«ጋሼ፣ ይህ ዝምታ አላማረኝም» አለችኝ። «እስቲ አንተ በዚያ በኩል እለፍ።»

የስምንተኛ «ሀ» በር ማጠፊያው ላልቶ ነበር፤ ሰበብ አላጣሁም። መሣሪያዬን ይዤ ኮሪደሩ ውስጥ ተንበረከክኩ። በተከፈተው ስንጥቅ በኩል የክፍሉን ኋላ አያለሁ። ፈተናው ታድሏል። ሰባ ልጅ አንገቱን ደፍቷል። ሸንበቆ ጥጉ ላይ ተቀምጣ እጇን አነሣች። ቀኝ እጇን። ለረጅም ጊዜ ተነሥቶ ቆየ።

«ምንድን ነው?» አሉ አስተማሪው።

«እትዬ ፋሻ ጋ ልሂድ?»

«ምን ሆንሽ?»

«ራሴን አሞኛል።»

«የሚታይ ነገር አለ?»

ከወዲህ ከወዲያ ሳቅ ተሰማ። አስተማሪው ክፋት አልነበረባቸውም። ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም፤ ሰሌዳው ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ የሚጠይቁትን ነው የጠየቁት፣ እንደ ሰላምታ።

«የለም» አለች።

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ግድግዳውን አየች። ከዚያ ግራ እጅጌዋን በሌላው እጇ ቀስ አድርጋ፣ እንደሚታጠብ ሰው፣ ወደ ላይ ሰበሰበችና ቀኝ እጇ ከዴስኩ ሥር ወደ ቦርሳዋ ወረደ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። በሕይወቴ ብዙ ፊት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ባዶ ፊት ግን በልጅ ላይ አላየሁም።

የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ከጎልማሳነቴ ወዲህ ሮጬ አላውቅም። ሮጥኩ። ኮሪደሩን ሳልጨርሰው እትዬ ፋሻ ፊቴን አይታ ከወንበሯ ተነሥታ ነበር። ምንም አላልኳትም። በባዶ እግሯ አለፈችኝ። ያ ሁሉ ሰውነት እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር።

ሳታንኳኳ ገባች።

«እትዬ! ፈተና ላይ ነን!» አሉ አስተማሪው።

«አውቃለሁ።»

«ምን ታየባት?»

«እኔ አይቻለሁ» አለችና በዴስኮቹ መሃል ሰንጥቃ ወደ ጥጉ ሄደች። ልጆቹ ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ለቀቁላት። ጎንበስ ብላ ከዴስኩ ሥር የሸንበቆን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ጨበጠችው። አልጎተተችም፤ ዝም ብላ ያዘችው። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም፤ እስክሪብቶ የሚያንቀሳቅስ ልጅ አልነበረም። በመጨረሻ የልጅቷ ጣቶች ላሉ። እትዬ ፋሻ ከጣቶቿ መሃል ያገኘችውን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ደም አልነበረም። ደርሳለች።

ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ሸንበቆ ቆመች። «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ምንም የለብኝም።»

«ስለዚህ ነዋ የመጣሁልሽ፣ አንቺ ጅል!» አለቻት እትዬ ፋሻ፤ ድምፅዋ ግን ተሰነጠቀ።

ልጅቷ አልጋው ላይ እንደተኛች እስከ መውጫ ደወል ድረስ አልተነሣችም። ማታ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለቱ እናቷን ጠብቀው ነገሯት። እኔ አልነበርኩም፤ እትዬ ፋሻ እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው። እናትየው መጀመሪያ፣ «የኔ ልጅ? ሌላ ሰው ይሆናል» አለች። ከዚያ የልጇን እጅጌ ራሷ ከፍ አደረገች። አልጮኸችም። ትኬቶቹ ከእጇ ላይ አንድ በአንድ መሬት ወረዱ፤ ሰው እየረገጣቸው አለፈ። «ለተሳፋሪው ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «የፈለገ ይሳቅብኝ» አለችና ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰኞ ወደ ሰልፉ አልመጡም፤ ሐኪሙ የጻፈላቸው ቦታ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሳያቋርጡ ለረጅም ጊዜ ሄደዋል። ሸንበቆ ዛሬ የት እንዳለች አውቃለሁ፤ በሕይወት አለች፤ ከዚህ በላይ መጻፍ የኔ ድርሻ አይደለም።

ለእትዬ ፋሻ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ የፈተና ክፍል ያለ ፈቃድ በመግባት። አንብባ መዝገቡ ውስጥ ከተተችው። በዚያ ገጽ ላይ ደግሞ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሚስማር» የሚለውን ቃል በብዙ ስም ፊት ሠርዛ እውነቱን ጽፋ ነበር፤ «ራሷን»፣ «ራሱን»፣ «ራሷን»። ምክትሉ ገጹን እንድትቀድ አዘዟት። «መዝገቡ የትምህርት ቤቱ ነው፤ እጄ ግን የኔ ነው» አለቻቸው። ገጹም አልተቀደደም።

በሚቀጥለው አርብ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊደወል ሲል ኮቴ ሰማሁ። አንድ ሰው መስሎኝ ነበር። ኮቴው አላቆመም። አስተማሪዎቹ ያለፈው ሳምንት ነገር አስደንግጧቸው ኖሮ የጠየቀውን ሁሉ ለቀቁት። መላጊያዬን አስቀምጬ በሬን ከፈትኩ።

ሰልፉ ከእትዬ ፋሻ በር ተነሥቶ በኔ በር አልፎ ኮሪደሩን ታጥፏል። ጫፉ አይታይም። ከጥጉ የመጡ አሉ፤ ግን እነሱ ብቻ አይደሉም፤ አንደኛ የሚወጡት፣ ከፊት የሚቀመጡት፣ ሰኞ ሰኞ የሚጨበጨብላቸውም አሉ። ልጆች ሲሰለፉ ይገፋፋሉ፣ ይቆናጠጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። እነዚህ አይገፋፉም ነበር። በዚያ ሙቀት ሁሉም እጅጌው እስከ ጣቱ ወርዷል።

እትዬ ፋሻ በሯ ላይ ቆማ ሰልፉን በዓይኗ ተከትላ እስከ ማጠፊያው ድረስ አየችው። የተለመደው ስድቧ አልመጣላትም።

«ጋሼ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እነዚህ ሁሉ የት ነበሩ?»

ከፊት የቆመችውን ልጅ በትከሻዋ ያዘችና አስገብታ በሩን መለሰችው። የቀሩት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ጠጋ አሉ።